ዞን አራት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

በደቡብ ሱዳኗ ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር የምንከራየው ቤት ከእኛ በፊት የአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ሠራተኞች መኖሪያ ነበር። ሲለቁ አልጋውንም፣ ወንበሩንም፣ የመጋረጃውን ብረት ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የሌባ አላርም ግን ትተውት ሄዱ። እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ ከአክስቴ ጋር መኖር ስጀምር፣ ያ አላርም ከዘበኛችን ቀጥሎ የግቢው ሁለተኛ ሽማግሌ ነበር።

ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገር ከሥሩ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም። ኮሪደሩ ላይ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት የብረት ሣጥን አለ። ውስጡ መብራት ሲጠፋ የሚተካ አንድ ባትሪ ተቀምጧል። በዋናው በር አጠገብ ኮድ የሚነካበት ቁጥር ያለው ሰሌዳ አለ፤ ከቁጥሮቹ በላይ ጠባብ መስኮት አለችው፤ ቀንና ሰዓት ታሳያለች። ቤቱ በአራት ዞን ተከፍሏል። ዞን አንድ የፊት በር፣ ሁለት የኋላ በር፣ ሦስት መስኮቶቹ፣ አራት ደግሞ መጋዘኑ ነው። ሦስቱ በማግኔት ብቻ ይሠራሉ፤ በር ሲከፈት ማግኔቱ ከጓደኛው ይለያይና ሣጥኑ ያውቃል። መጋዘኑ ግን ጣሪያው ጥግ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ የምታይ ነጭ ዐይን አለችው። ይህን ልዩነት ያኔም አውቀው ነበር። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም።

አላርሙ ከመጣሁ ጀምሮ አይጮኽም ነበር። ከእኔ በፊት ያለ ምክንያት እየጮኸ ሰፈሩን ስላስመረረ አክስቴ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ጠርታ አሳየችው። ሰውዬው ጣሪያው ሥር ያለችውን ጯኺ አየና ገመዷን በፒንሳ ቆርጦ «ካላስ፣ አለቀ!» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላርሙ ዲዳ ሆነ። ሆኖም አክስቴ ከቤት ስትወጣ ኮዱን መንካት አልተወችም። «ሌባው መቆረጡን በምን ያውቃል?» ትላለች።

አክስቴ ጀበል ገበያ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ከአዲስ አበባ የሚላክላት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና ዘይት የሚቀመጠው እኛ ቤት መጋዘን ውስጥ ነው። ሳሎን ያለው የግድግዳ ሰዓትም የእሷ ነው። ጁባ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደኋላ በመለሰች ጊዜ አክስቴ የራሷን አልነካችም። «የኔ ሰዓት የአዲስ አበባ ነው» አለች። ዕቃ የሚልኩላት ሰዎችም እናቷም እዚያ ስለሆኑ በነሱ ሰዓት መኖር ይቀላታል። ስለዚህ እኛ ቤት ሰው የግድግዳውን ሰዓት ሲያይ ሳያስበው አንድ ይቀንሳል።

ዘበኛችን ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ጋምቤላ በስደት ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛ ይናገራሉ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «መምህርት» ይሉኛል። የቤቱ አንድ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነበር፤ የውኃ ቦቴ የሚመጣው እኛ በሌለንበት ሰዓት ሲሆን፣ ኩሽና ያለውን በርሜል ለማስሞላት የኋላውን በር መክፈት ያስፈልጋል። ቁልፉን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ አስረው ከሸሚዛቸው ሥር ያኖሩት ነበር። እሑድ ያርፋሉ፤ ሌላውን ቀን ሁሉ በር ላይ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። አክስቴ አንድ ማለዳ ከመጋዘን ወጥታ «ዘይቱ ጎድሏል» አለች። ስንት እንደነበረ ጠየቅኳት።

«እኔ እንዳንቺ በመስመር አልለካም። ዐይኔ ጎድሏል ይለኛል።»

ያኔ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን ከጥቂት ቀን በፊት የአላርሙን መመሪያ መጽሐፍ ከቁም ሣጥኑ ወለል ላይ፣ አቧራ ውስጥ አግኝቼው ነበር። እንግሊዝኛው ደረቅ ቢሆንም ሁለት ምሽት ተቀምጬ ጨረስኩት። ሣጥኑ የሆነውን ሁሉ ይመዘግባል ይላል፤ ቢጮኽም ባይጮኽም የትኛው ዞን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደተነካ ያስታውሳል። እንዴት እንደሚነበብም በሥዕል አስቀምጧል።

ደብተር አወጣሁ፤ በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩ። የሰሌዳዋ መስኮት አንድ አንድ መስመር እያሳየችኝ ገለበጥኩ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ከፈረንጁ ስድስት እየቀነስኩ። ውኃ በመጣባቸው ቀናት ዞን ሁለት ተነክቷል፤ ያ ትክክል ስለሆነ አጠገቡ «ውኃ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላው ሁሉ ዞን አራት ነበር። ሰኞ፣ ዞን አራት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት። ማክሰኞ፣ ዞን አራት፣ ስምንት ከሦስት። ረቡዕ፣ ዞን አራት፣ ስምንት ከሰባት። እንዲህ እያለ እስከ ቅዳሜ። እሑድ ባዶ። ሰኞ እንደገና ስምንት ሰዓት።

ቸኩዬ ነገር እንዳላበላሽ የሣጥኑ ሰዓት ትክክል መሆኑን አጣራሁ። ሰሌዳዋን አየሁ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አንድ ናቸው። ከሠንጠረዡ ሥር «ሰዓቱ ተመሳክሯል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ተማሪዎቼን ሥራችሁን አሳዩ፣ መልሳችሁንም አመሳክሩ እያልኩ ነው የማስተምረው።

አክስቴ ምሽት ላይ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ጣቷ በዓምዱ ላይ ወረደና እሑድ ላይ ቆመ።

«እሑድ የሚያርፈው ማነው?» አለች።

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«ስምንት ሰዓት ላይ አንቺ የት ነሽ?»

«ትምህርት ቤት።»

«እኔ ጀበል ነኝ። ቁልፍ ያለው ማነው?»

«አክስቴ፣ ይህ እኮ ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አሰመርሽው?» አለችና ደብተሩን መለሰችልኝ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሥራ ከመሄዳችን በፊት፣ በረንዳው ላይ ጠራቻቸው። እኔ ከኋላዋ ደብተሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አንተ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነህ?» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን በፊት «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብላቸው አታውቅም። እሳቸውም ሰሙት። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልታየም።

«ስምንት ሰዓት?» አሰቡ። «በር ላይ ነኛ። የት እሆናለሁ?»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን ካልሆንኩማ ዘበኛ ምን ያደርጋል?»

«መጋዘን ውስጥ የሚገባው ማነው ታዲያ? በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ይገባል። ማሽኑ ጽፎታል።»

ወደ እኔ ዞሩ። ደብተሩን አዩት፤ መስመሮቹን፣ በቀይ የተሠመረበትን። የአማርኛ ፊደል አያነቡም።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው፣ መምህርት?»

«አዎ ጋሼ። ከማሽኑ ላይ ነው የገለበጥኩት።»

«ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው» አሉኝ።

አክስቴ በዚያው ቀን ልታሰናብታቸው ፈልጋ ነበር። የለመንኳት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ያረጀ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ይየው፣ ጯኺዋም ትጠገን፣ ያኔ እውነቱ ይወጣል አልኳት። እያጉረመረመች እስከ ትንሣኤ ጊዜ ሰጠች። «እስከዚያ የሚያውቅ ሰው አምጪ። ካላመጣሽ ማሽኑን አምናለሁ።» ለዘበኛችንም ይህንኑ በፊቴ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ በሩ ተመለሱ።

የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይህን ያህል እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ጁባ ውስጥ ስልክ የሚጠግን፣ ጄኔሬተር የሚፈታ፣ ሶላር የሚሰቅል ሞልቷል። አላርም ለመግጠም የሠለጠነ ግን ብርቅ ነው፤ የተገኘውም ለትልልቅ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ከትምህርት በኋላ በፀሐይ፣ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ጀርባ ላይ፣ የአላርም ምልክት የለጠፈ ግቢ ሳይ እየወረድኩ የገጠመላቸውን ሰው እጠይቅ ነበር። አንድ ድርጅት የመኖሪያ ቤት አንሠራም አለኝ። አንድ ሰው ደግሞ ያለ መሣሪያ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ፤ ሣጥኑን ከፍቶ ዘጋና «ይህ የአያቶች ነው፤ ሁሉንም ጣሉትና አዲስ ግዙ» ብሎን ሄደ። የሦስተኛ ሩብ ዓመት ፈተና እያረምኩ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጾም፣ ዕለቱ ሲያልቅ እግሬ መሬት አይሰማውም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ቤት መግባቱ ነበር። ድሮ ጋሼ በሩን ሲከፍቱልኝ «መምህርት፣ ዛሬ ስንት ልጅ ወደቀ?» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። አሁን ይከፍታሉ፣ «ደህና ዋልሽ» ይላሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ ቀን ቆም ብዬ ሊጠግነው የሚችል ሰው እየፈለግኩ መሆኔን አስረዳኋቸው፤ ባትሪ እንዴት እንደሚያረጅ፣ ሣጥኑ እንዴት እንደሚመዘግብ ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«በርቺ» አሉኝ።

በመጨረሻ አንድ የተማሪዬ አባት የአንድ ቴክኒሽያን ስልክ ሰጠኝ። ወላጆቹ ከዚህ አገር ናቸው፤ እሱ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ አድጎ፣ እዚያው በቴክኒክ ኮሌጅ ተምሮ፣ ለአላርም ሥራ ሰልጥኖ ነው የመጣው። ማንጋቴን የሚባል ሰፈር ይኖራል። በስልክ ሳናግረው የሣጥኑን ሞዴል፣ የባትሪውን ዕድሜ፣ ሣጥኑ ላይ እየተቀያየረ የሚበራውን መብራት ሁሉ ጠየቀኝ። እንዲህ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት መመሪያውን በሙሉ ላነብለት ቃጣሁ። ሆኖም በመጀመሪያው ቀጠሮ ነዳጅ አጥቶ ቀረ። ሁለተኛው ቀን ዝናብ መጣና የማንጋቴን መንገድ ጭቃ ሆነ። በሦስተኛው ቀጠሮ ዝም ብሎ ቀረ፤ በማግስቱ ደውሎ «አሞኝ ነው» አለ። ለትንሣኤ ስምንት ቀን ቀርቶን ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ መጣ። ሞተር ብስክሌቱን በር ላይ ሲያቆም ከዘበኛችን ጋር በዚህ አገር ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠያየቁ እንደነበር ገባኝ። አክስቴ ያን ቀን ምግብ ቤቷን ለሌላ ሰው ትታ ቀርታ ነበር፤ ፍርዱን በጆሮዋ መስማት ፈልጋለች።

«ሰርተፊኬት አለህ?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«አለኝ ማዘር።» ከቦርሳው በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጣ።

«ማዘርህ አይደለሁም። ስንት ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ዘግቶብኛል መሰለህ።»

«እኔ ከፍቼ አልዘጋም፤ ማዘር ካልፈቀዱልኝ።»

«አማርኛህ ደግሞ!» አለችና ሳቀች። «የት ነው ያደግከው?»

«መርካቶ።»

«እንግዲያማ እቃዬን እጠብቃለሁ» አለችና ሳቀችበት። በዚያ ሁለት ወር ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሥራውን ማየት ደስ ይላል። ምንም ሳይነካ በመጀመሪያ ቤቱን ዞረ። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተና በቴስተር እያንዳንዱን ገመድ ለካ፤ እኔ ደብተር ይዤ ቁጥሮቹን ጻፍኩለት። ባትሪውን አውጥቶ አሳየን። ጎኖቹ አብጠው እንደ ዳቦ ተነፍተዋል።

«ይህ ሞቷል?» አለች አክስቴ።

«አልሞተም፤ እያጣጣረ ነው። የሞተ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ትቀይሩት ነበር።» መልሶ አስገባው። «አዲስ ከመግጠሜ በፊት በሽታውን ልየው።»

ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተቆረጠችውን የጯኺ ገመድ ቀጠለ። ወርዶ አላርሙን አበራው፤ ሁላችንም ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ወትሮ የማይቆለፈውን የመጋዘኑን በር አክስቴ ለዚያ ቀን ቆልፋዋለች፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው። የአከራያችን ጄኔሬተር አጥር ማዶ ይጮኻል። አከራያችን ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ ስላለው ከማለዳ እስከ ሰባት ሰዓት ያስነሳዋል፤ ለእኛም መብራት የሚደርሰን ከዚያ ነው። ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ያጠፋዋል፤ ከዚያ እስከ ምሽት የአክስቴ ሶላር ይተካል። እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ስለሚውል የሚያስነሳው ማታ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው አሁን ነው፤ ያን ጊዜ ከእኛ ማንም አላሰበውም።

ቴክኒሽያኑ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጎ ከአክስቴ ጋር ሲያወራ አጥር ማዶ ያለው ጄኔሬተር ተንተባትቦ ጠፋ። መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ ጨለም አለ። ሰሌዳዋ ጢጥ ጢጥ አለች። ወዲያው ከጣሪያው ሥር ጯኺዋ ለቀቀችው።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ጥርሴ ውስጥ ገባ። አክስቴ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ «በስመ አብ!» አለች። ቴክኒሽያኑ ግን ዐይኑ ሰሌዳዋ ላይ ነበር። በጠባቧ መስኮት ዞን አራት ትላለች።

በዚያ ጩኸት መካከል ዘበኛችን ከበሩ እየሮጡ መጡ። ዱላቸውን ይዘዋል። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። በረንዳውን በሁለት እርምጃ ወጥተው የቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግን፣ ሰው እንደያዛቸው ቆሙ። ደፉን አልተሻገሩም። ከዚያ ሆነው አንገታቸውን አስግገው አክስቴን፣ እኔን አዩን። ደህና መሆናችንን ሲያረጋግጡ ዱላውን ዝቅ አደረጉት።

ቴክኒሽያኑ ኮዱን ነካና ጸጥ አለ።

«መጋዘን ውስጥ ማን አለ?» አለ።

አክስቴ የያዘችውን ቁልፍ አየች።

«ማንም የለም» አለ ራሱ መልሶ። «መብራት ከጄኔሬተር ወደ ሶላር ሲዞር ለአፍታ ይቋረጣል። ያን አፍታ የሚሸከመው ባትሪው ነው፤ እሱ ደግሞ ጉልበት የለውም። ሌሎቹ ዞኖች ማግኔት ስለሆኑ መብራት አይፈልጉም። የመጋዘኗ ዐይን ግን ትፈልጋለች። ስትራብ ‹ሰው አየሁ› ትላለች። በየቀኑ ይሆናል ይኼ።»

«ግን...» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ወረደ። «ግን በየቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጄኔሬተሩ የሚጠፋው ሰባት ሰዓት ነው። ልጄ ጽፋዋለች።»

ሁላችንም ሰሌዳዋን አየን። ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ በፈረንጅ፤ በኛ ስምንት ከአራት። ቴክኒሽያኑ ስልኩን አወጣ፤ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ፤ በኛ ሰባት ከአራት።

«ይህ ሣጥን የድሮው ሰዓት ላይ ነው ያለው» አለ። «ጁባ ሰዓቷን ስትመልስ ለእሱ የነገረው የለም። ሳታመሳክሩት ነው የጻፋችሁት?»

«አመሳክሬዋለሁ» አልኩ። ዐይኔ ሳሎን ሄደ። የአክስቴ የግድግዳ ሰዓት ስምንት ከአራት ይላል፤ የአዲስ አበባን።

ያ ሰዓት የማን እንደሆነ አውቃለሁ። በየቀኑ ሳየው አንድ እቀንሳለሁ። ያን ምሽት ግን ስድስት መቀነሱን ስይዝ አንድ መቀነሱን ረሳሁት፤ አንድ የተሳሳተ ሰዓት በሌላ የተሳሳተ ሰዓት አመሳክሬ ከሥሩ ፈረምኩ። በር ሳይከፈት ሰው እንዴት መጋዘን ይደርሳል ብዬም ራሴን አልጠየቅኩም። ሰባት ሰዓት ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ አክስቴ ጣቷ እሑድ ላይ ሳይደርስ «ጄኔሬተሩ ነዋ» ትል ነበር።

ጋሼ ደጃፉ ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

«ያቺ ነገር» አሉ ሰሌዳዋን በአገጫቸው እያሳዩ «ጄኔሬተር ሲጠፋ ሁልጊዜ ጢጥ ጢጥ ትላለች። በመስኮቱ እሰማታለሁ።»

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«የጠየቃችሁኝ ስምንት ሰዓት ላይ የት እንዳለሁ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጢጥ አትልም።»

አክስቴ ወደ እሳቸው ሄደች። ይቅርታ መጠየቅ የሚከብዳት ሰው ናት። «እርስዎ ይቀመጡ እስቲ፤ ሮጠው ደክመዋል» አለች፤ ወንበር አመጣች። «እርስዎ» የምትለውን ቃል ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ነበር ያለቻት። አመሰገኑና ሳይቀመጡ ቀሩ።

ቴክኒሽያኑ አዲሱን ባትሪ ገጠመ፤ የመጋዘኗን ዐይን አጸዳ፤ የሣጥኑንም ሰዓት አስተካከለ። ከዚያ የቆየውን ኮድ አጠፋ። «የድሮዎቹ ተከራዮች ሁሉ ይህን ኮድ ያውቁታል» አለ። «ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ኮድ ይኑረው፤ ማን እንደከፈተ ሣጥኑ ይጽፋል። ስንት ሰው ናችሁ?»

«ሦስት» አለች አክስቴ ፈጥና። «እኔ፣ እሷ፣ እና እሳቸው።»

«ሁለት» አሉ ጋሼ።

ከሸሚዛቸው ሥር ጥቁሩን ክር ስበው ከአንገታቸው አወጡት። ቁልፉን በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አስቀመጡት።

«አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ። «ነገሩ አለፈ እኮ! ማሽኑ ነው ያጠፋው።»

«አልፏል» አሉ። «በሩን እጠብቃለሁ፤ የበር ዘበኛ ነኝ። የቤቱ ቁልፍ ግን እናንተ ዘንድ ይሁን።»

አክስቴ ለመነች። ቴክኒሽያኑም በቋንቋቸው የሆነ ነገር አላቸው፤ ትከሻውን መታ አድርገው ሳቁበት፣ ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም። በመጨረሻ ሁለት ኮድ ተሞላ። በመዝገቡ ውስጥ ተጠቃሚ አንድ አክስቴ ናት፤ ተጠቃሚ ሁለት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ዘይቱ ጎድሎ ነበር ወይስ አልጎደለም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አክስቴ ያን ነገር ዳግም አላነሳችም። የግድግዳውን ሰዓትም አልነካችውም። እኔ ከሥሩ «የአዲስ አበባ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት፤ በማስመሪያ አስምሬ።

ከትንሣኤ በኋላ በአንድ ሐሙስ፣ አራተኛውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

«መምህርት፣ ውኃ መጥቷል። ሹፌሩ አልቆምም እያለ ነው።»

ድሮ ቢሆን ራሳቸው ከፍተው አስሞልተው፣ ማታ «ውኃ ሞልቷል» ብለውኝ ያበቃ ነበር። ክፍሉን ለሌላ አስተማሪ ሰጥቼ፣ በቦዳ ቦዳ በዚያ ፀሐይ ደረስኩ። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ጋሼ የውኃውን ጎማ ትከሻቸው ላይ አድርገው የኋላው በር ላይ ቆመዋል፤ ላባቸው በፊታቸው ይወርዳል። ከፈትኩ፣ ሰሌዳዋ ጢጥ አለች፣ ኮዴን ነካሁ።

«ይግቡ ጋሼ» አልኳቸው።

«አንቺ ቅደሚ» አሉኝ።

ቀደምኩ። ከኋላዬ ገቡ፤ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከተው ለሹፌሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ውኃው መውረድ ጀመረ። እስኪሞላ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ሲሞላ ጎማውን ሰብስበው ከእኔ ቀድመው ወጡ።

«እንግዲህ ሰዓቱን ጻፊው» አሉኝ ከደጃፉ ሆነው።

ፊታቸውን አየሁ፤ መቀለዳቸው ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። በሩን ቆለፍኩና ኮዱን ነክቼ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ።